ሠርግና ማገዶ፦ ከዳስ እስከ ፌስታል



ቅሬ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቀብርና ልቅሶ ነው። ነገር ግን የቅሬው ድንኳንና ብረት ድስት ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለደስታም እንደሚያገለግል ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም ስለ ሠርግ ባነሣ ከርእሱ ወጣ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም። በውጭ አገር ዛሬ «አካባቢን የማይጎዳ ሠርግ» የሚባል ነገር በሰፊው ይወራል። ለእኛ ነገሩ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ነው። ይኸውም እንዴት እንደሆነ ታሪኩን እንመልከት።

በጎብዬና በራያ ቆላ ድግስ የሚታሰበው ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ክርስቲያኑ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ልጁን ይድራል፤ እስላሙም ረመዳንን አሳልፎ ይድራል። የጥንቱ ሠርግ ዕቃ ጋን፣ እንስራ፣ ቅል፣ የቀንድ ዋንጫና መሶብ ነበር። እንጀራው ራሱ ሳህን ነው። ድግሱ ሲያበቃ ቅሉ ታጥቦ ይሰቀላል፤ ሸክላው ቢሰበር ተመልሶ አፈር ይሆናል፤ አተላው ለከብት፣ ፍርፋሪው ለዶሮ ይሆናል። የሚጣል ነገር ከየት ይመጣል?

ይሁን እንጂ የድሮው ሁሉ ደግ ነበር ብለን ራሳችንን አናታልል። ዳሱን የሚያቆመው ግራር ነው፤ የሚያለብሰውም ከየቁጥቋጦው የተመለመለ እርጥብ ቅጠል ነው። ጠላው፣ ወጡና እንጀራው በሦስት ጉልቻ ሲበስል ከእሳቱ የሚበዛው ለነፋስ ይቀራል። ድግስና ማገዶ አገር ሊያስለቅቁ እንደሚችሉ ዋና ከተማችን ምስክር ናት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ስላለቀ፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማይቱን ካለችበት ያስቀራት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

በእኛ በኩል ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም የራያ ቆላ ኑሮ ከተራራው ጋር የተሳሰረ ነው። ገበሬው እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ካሉት ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ተራራው ዛፍና ሣር ሲለብስ ጎርፉ ለም ደለል ይዞ ይመጣል፤ ራቁቱን ሲቀር ግን ኮረትና ድንጋይ ማሳው ላይ ይደፋል። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ሠርግ ያመጣው አይደለም፤ የዝናቡም፣ የአስተዳደሩም፣ የጦርነቱም ጉዳይ አለበት። ሆኖም የተራቆተ መሬት ድርቅን እንደማይችል ያን ጊዜ ሁሉም አይቷል። ከዚያ በኋላ በወሎ ተራሮች እርከን ተሠራ፤ እህል ለሥራ እየተባለ ችግኝ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ከዚያ ብዙው ተጨፈጨፈ።

ታዲያ ዳሱን ያስቀረው ማን ነው? አዋጅ አይደለም፤ የቅሬና የእድር ድንኳን ነው። አንድ ሸራ በጋራ ገንዘብ ተገዝቶ ስንት ሐዘንተኛና ስንት ሠርገኛ ያስጠልላል! ድንኳኑ በተተከለ ቁጥር ሳይቆረጥ የሚቀረውን ግራር ቆጥሮ የጻፈው የለም እንጂ፣ ለተራራው ትልቅ ውለታ ነው።

ከእንጨቱ ስንገላገል ግን ሌላ መጣ። ቅሉን የፕላስቲክ ብርጭቆ፣ እንስራውን ሃይላንድና ጀሪካን፣ መሶቡን ፌስታል ተካው። ፌስታሉ ሠርጉ ባለፈ ማግስት በነፋስ ተነሥቶ እሾህ ላይ ይንጠለጠላል፣ የመስኖውን ቦይ ይዘጋል፤ ከብት ሲውጠው ሆዷ ውስጥ ተቋጥሮ ይገድላታል። መንግሥት ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጠንከር ባለ ሁኔታ የሚከለክል አዲስ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ግን አዋጅ ብቻውን ድንኳን ውስጥ ገብቶ ብርጭቆ አያቀርብም።

አገዳውንም አንርሳ። ማሽላ ለራያ ሰው እህል ብቻ አይደለም፤ አገዳው መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። በከተማችን ስም «ጎብዬ» የተባለው፣ አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላ ቶሎ ይደርሳል፤ ቁመቱ ግን እንደ ድሮው ረጅም ማሽላ አይደለም። አገዳው ሲያንስ ለድግስ እሳት የሚማገደው ከበሬው አፍ ተነጥቆ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ሳይዘጋጅ ለተያዘ ሰው ነው። ፕላስቲክ የሚገዛውም፣ እርጥብ ዛፍ የሚቆረጠውም በጥድፊያ ነው። ስለሆነም ድግስ ያለው አባል አስቀድሞ ለቅሬው ያስታውቅ። በአንድ ሳምንት የሚደግሱ ሁለት ቤቶች በአንድ ድንኳን ይስማሙ። የቅሬው ሳህንና ብርጭቆ ለሠርግም ይውጣ፤ የጎደለ ካለ በመዋጮ ይሟላ። ለእንጀራው «ምርጥ» የተባለውን ምድጃ እንጠቀም፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ተብሎለታል። ውሃው በጋን ይቅረብ። የእስላሙና የክርስቲያኑ ገበታ እንደ ልማዳችን ለየብቻ ቢሰናዳም፣ ጥላውና ውሃው የጋራ ነው።

እንዲህ የሚደረገው ድግሱን ለማሳነስ ተብሎ አይደለም። ዛሬ የሚዳሩት ልጆች ነገ የሚያርሱት ጎርፉ የሚያርፍበትን ይህንኑ መሬት ነውና፣ ለሙሽሮቹ ከምንሰጠው ጥሎሽ ጋር ተራራውን አብረን እናስረክባቸው። ጉዳዩ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ቢነሣና መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢገባ መልካም ነው እላለሁ።