የጥይት ቁስል

የጥይት ቁስል ከጦር መሣሪያ የተተኮሰ አረር በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ክብደቱን የሚወስኑት ጥይቱ ይዞት የመጣው ጉልበት፣ ከዚያ ውስጥ በሰውነት ውስጥ ጥሎት የሚያልፈው ድርሻና በመንገዱ ያገኘው የአካል ክፍል ናቸው። ቆዳ ላይ የሚታየው ቀዳዳ ስለ ውስጡ ጉዳት ብዙ አይናገርም።

የጥይት ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱም በእጥፍ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ጋር አሮጌ ላይ ሲዋጉ የያዙት ሰናድር ጠመንጃ 31 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 380 ሜትር ያህል ይወረውር ነበር። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ700 ሜትር ያልፋል። በመሆኑም የሁለቱም ጉልበት ሁለት ሺህ ጁል አካባቢ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ልባስ የሌለው የሰናድር እርሳስ ሲመታ ይደፈጠጣል፣ አጥንት ካገኘም ያደቅቃል። የክላሹ በመዳብ ወይም በብረት የተለበጠ ስለሆነ ቅርጹን ይዞ ይዘልቃል።

ጥይት በመጀመሪያ የሚያደርሰው ጉዳት በቀጥታ የነካውን ሥጋ መጨፍለቅና መበጠስ ነው፤ የሽጉጥ ቁስል በአመዛኙ ከዚህ አያልፍም። ፈጣን የጠመንጃ ጥይት ግን ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ወደ ጎን ገፍቶ ለቅጽበት ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል። ሳንባና ጡንቻ ተለጥጠው ይመለሳሉ፤ ጉበት፣ ጣፊያና አንጎል ግን መለጠጥ ስለማይችሉ ይሰነጠቃሉ። በአየር ላይ በሽክርክሪቱ ሚዛኑን የጠበቀ ጥይት ጥቅጥቅ ያለ አካል ውስጥ ሲገባ ይንገዳገዳል፣ በጎኑም ይዞራል። የክላሽ ጥይት ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ከዘለቀ በኋላ ስለሆነ፣ አጥንትና ዋና ደም ሥር ሳይነካ ጭንን በስቶ የወጣ ጥይት ቀላል ቁስል ብቻ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። አጥንት ከመታ ግን ስብርባሪው ራሱ እንደ ሌላ ጥይት ይበተናል። ሲመታ የሚሰፋ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ የሄግ ጉባኤ በ1891 ዓ.ም. ያገደው ይህንን መሰል ጉዳት ለመቀነስ ነበር።

በሕክምናው ታሪክ ዓድዋ ብዙም የማይነሳ ቦታ አላት። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም ኔፕልስ ውስጥ ከኢትዮጵያው ጦርነት የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በኤክስሬይ አይቶ የተቀበሩትን ጥይቶች አገኘ። ኤክስሬይ ለጦር ቁስለኞች ሲውል ከተመዘገቡት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ያሉትን ቁስለኞች ያከመው በዚያው ዓመት የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ነበር።

ጥይት በባሩዱ ግለት ከጀርም ይጸዳል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ የልብስ ቁራጭና አፈር እየጎተተም ይገባል። በሌላ በኩል ሥጋ ውስጥ የቀረ ጥይት ሁሉ የግድ ይውጣ አይባልም። መገጣጠሚያ ውስጥ ከተቀመጠ እርሳሱ እየሟሟ ደምን ሊመርዝ ስለሚችል ይወጣል።

በሠርግና በቀብር ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይትም ተመልሶ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ሲወድቅ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ሊፈጥን ይችላል፤ ቆዳን ለመብሳት 60 ያህሉ ይበቃል። ዘንበል ተደርጎ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ የበለጠ ፍጥነት ይዞ ይደርሳል። እንደ ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቤት ከቤት በተጠጋጋባቸው የአዲስ አበባ ዙሪያ አካባቢዎች ይህ ተኩስ ደስታም ሆነ ሐዘን መግለጫ ሊሆን አይገባውም።

የተመታ ሰው ቶሎ የሚሞተው በአብዛኛው ደሙ ስለሚፈስ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ እጅ ወይም እግር ሆኖ ደሙ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቀው ይሰሩ፣ የታሰረበትንም ሰዓት ይያዙ። ጥይቱን ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ።