የአሥር ዶላሩ ሕግና የወታደር ጡረታ ጉዳይ አስፈጻሚዎች

ባለፈው ወር፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስምንት ዓመት አገልግሎ የወጣ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። በአገልግሎት ላይ ሳለ ወገቡ ተጎድቷል፤ ጆሮውም ደክሟል። «ጋሼ፣ አንድ ኩባንያ የጉዳት አበልህን አስጨርስልሃለሁ ብሎ ውል ልኮልኛል። ክፍያው፣ በየወሩ የሚጨመርልኝ ገንዘብ በአምስት ተባዝቶ ነው። ልፈርም?» አለኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁምና በቅድሚያ የሰጠሁት ታሪክ ነበር። ለአንባቢም ይጠቅማልና እነሆ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የጡረታ ሕግ፣ ሙሉ በሙሉ ለተሰናከለ ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ፈቀደ። ገንዘቡን ለማግኘት ግን ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ ስለመሆኑ የሐኪም ማስረጃና በመሐላ የተረጋገጠ የምስክር ቃል ያስፈልግ ነበር። አንድ እጁን ጦር ሜዳ ላይ ትቶ የተመለሰ ገበሬ ይህን ሁሉ ከዋሽንግተን ጋር ተጻጽፎ በምን አቅሙ ይጨርሰው? ጉዳይ አስፈጻሚው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። እኛም አገር በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ እናውቀዋለን፤ እሱ ግን ለጻፈው ይከፈለዋል እንጂ ከተፈረደልን ገንዘብ ድርሻ አይጠይቅም።

የሕዝብ እንደራሴዎቹ አደጋውን ገና ከጅምሩ አይተውታል። በዚያው የ1862 ሕግ የአስፈጻሚው ክፍያ ከ5 ዶላር እንዳይበልጥ ደነገጉ፤ በ1864 ጣሪያውን 10 ዶላር አደረጉት፤ ከዚያ በላይ የተቀበለም ወንጀለኛ ሆነ። በ1864 ለጥቁር ወታደሮች መበለቶችም መንገድ ተከፈተ። የባርነት ሕግ ጋብቻቸውን ስለማያውቀው የምስክር ወረቀት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በሰው ምስክር እንዲያስረዱ ተፈቀደላቸው። ነገር ግን የተበተነ ምስክር ፈልጎ ማሰባሰብ ራሱ ሌላ አስፈጻሚ የሚሻ ሥራ ነበር።

ጣሪያው ያልታሰበ ውጤትም ወለደ። ከአንድ ሰው 10 ዶላር ብቻ የሚያገኝ ነጋዴ ትርፉ በብዛት ነውና ብዙ ሺህ ባለጉዳይ ይፈልጋል። ከእነዚህ አስፈጻሚዎች ዋነኛው ጆርጅ ሌመን በ1877 «ናሽናል ትሪቢዩን» የተባለ ጋዜጣ አቋቁሞ የቀድሞ ወታደሮችን ለጡረታ ጥያቄ አነሳሳ። በ1879 ውዝፍ ጡረታ ከሠራዊቱ ከተሰናበቱበት ዕለት ጀምሮ እንዲከፈል የሚያዝ ሕግ ሲወጣ ማመልከቻው ጎረፈ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የጡረታ ወጪ ከፌዴራሉ መንግሥት ገቢ 40 በመቶ ያህል ደርሶ ነበር። ዋሽንግተን ሄጄ፣ ያንን ወረቀት ሁሉ ለማስተናገድ በ1887 የተጠናቀቀውን ግዙፍ የጡረታ ሕንፃ አይቼዋለሁ። ዛሬ ሙዚየም ነው። በቀይ ጡብ ግድግዳው ዙሪያ የተቀረጹት ወታደሮች ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ሲጓዙ፣ እኔን ያስታወሱኝ ጦር ሜዳውን ሳይሆን በመስኮት ፊት የተሰለፈውን ባለጉዳይ ነበር።

የ10 ዶላሩ ጣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ አጸናው፤ ያን ጊዜ 10 ዶላር ጠበቃን ቀርቶ የጠበቃን ጸሐፊ የሚያስነሣ አልነበረም። ይህም ሐቀኛውን ረዳት ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ አስቀረ ብዬ አምናለሁ። በ1988 ሕጉ ላላ። በ2006 ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ እንዲያስከፍሉ ተፈቀደ፤ በዚያው ሕግ ውስጥ ያለፈቃድ የሚያስከፍሉትን የሚመለከተው የወንጀል ቅጣት ወጣ። ክልከላው በወረቀት ላይ ቀረ፤ ቅጣቱ ግን የለም። ጥርሱ የወለቀ ውሻ መጮኹን ማን ይፈራዋል? ኩባንያዎቹ በዙ፤ የመርዛማ ጭስ ተጎጂዎችን መብት ያሰፋው የ2022 ሕግ ሲወጣማ ገበያው ደራላቸው። ራሳቸውን «አማካሪ» ይላሉ እንጂ ወኪል አይሉም። ማመልከቻውን ባለጉዳዩ ራሱ እንዲፈርም ያደርጋሉ፤ ስማቸው የትም አይገኝም።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ያልሁት ይህንን ነው። ማመልከቻ ማስገባት በነፃ ነው። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማንም፣ ጠበቃም ቢሆን፣ ክፍያ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድም። እንደ «አሜሪካን ሊጅን» ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መድበው ያለክፍያ ይረዳሉ። የኩባንያውን ስም ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዕውቅና መዝገብ ላይ ይፈልገው፤ የመሥሪያ ቤቱን አካውንት የይለፍ ቃል ከጠየቁት ስልኩን ይዝጋ።

መዝገቡን ሲያይ ስማቸው አልነበረም። ውሉን አልፈረመም፤ እነሱ ግን እስከ ትናንት ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደውሉለታል።