ወባ የወለደው ትምህርት ቤት

ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ መተማ የምትሄዱ ከሆነ አዘዞን ሳታልፉ አትሄዱም። አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ከአዘዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ መሬቱ ቀስ እያለ ዝቅ ይልና የደምቢያ ሜዳ ይሆናል፤ ሜዳውም እስከ ጣና ሐይቅ ዳር ይዘልቃል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ አዘዞ ወደ 2,000 ሜትር ግድም፣ ጣና ደግሞ 1,785 ሜትር አካባቢ። ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት ከ300 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ይመስላል አይደል?

የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚህች ቁልቁለት ነው። እስቲ በቅደም ተከተል እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ቀድሞ መጣ

በ1953 ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። የአካባቢው ሰው ለበሽታው እንግዳ አልነበረም፤ «ንዳድ» እያለ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ደገኛው ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራውም አለምክንያት አልነበረም።

በዚያ ዘመን አገሪቱ ሐኪም የሚያሠለጥን ፋኩልቲ አልነበራትም፤ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚሠሩትም በትልልቅ ከተሞች ነበር። ታዲያ ገጠር ላለው ሕዝብ ማን ይድረስለት?

መልሱ በ1954 መጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር ሆኖ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። ጎንደር ከተመረጠችባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ወረርሽኝ ነው። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ፦ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን።

ሳኒታሪያን የሚለው ቃል ዛሬ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። ሥራው የሰውን አካባቢ መመርመር ነው። ውሃው ከየት ይቀዳል? ሽንት ቤቱ ከምንጩ ምን ያህል ይርቃል? ቆሻሻው የት ይደፋል? ትንኙ የት ይራባል? ዛሬ «የአካባቢ ጤና» የምንለው ትምህርት በጎንደር የጀመረው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ሦስቱ ለምን አብረው ተላኩ?

የኮሌጁ ትልቅ ሐሳብ የቡድን ሥልጠና ነበር። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት ሦስቱም ሙያዎች ተቀላቅለው እንደ ቆላድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አብረው ይኖሩና ይሠሩ ነበር።

አንድ ልጅ በወባ ታሞ መጣ እንበል። ጤና መኮንኑ መርምሮ መድኃኒት ይሰጠዋል። ልጁ ግን ድኖ የሚመለሰው ወደዚያው ቤትና ወደዚያው ውሃ ዳር ነው። ነርሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ ሌላ የታመመ ሰው መኖሩን ታያለች፤ እናቲቱንም ታነጋግራለች። ሳኒታሪያኑ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኩሬ ፈልጎ ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ልጁ በሚቀጥለው መስከረም ተመልሶ ይመጣል። ለተማሪዎቹ ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፦ በሽታ ሰው ሰውነት ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሰፈር ውስጥም አለ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ወባን በዲዲቲ ርጭት ለመቆጣጠር ሙከራ ከተደረገባቸው የአገሪቱ ቦታዎች አንዷ ሆነች። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ መድኃኒቱም የሚረጨው እዚያው ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ግን አልበቃም። በ1958 የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በወባ ተመታ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰው ሞተ ተብሎ ይገመታል። ወረርሽኙ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ነበር። የአዘዞን ከፍታ አስታወሳችሁ? መሐሉ ላይ ነች።

ሁለት ዲግሪ ምን ያደርጋል?

ደጋው ለምን ተመታ? በዚያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው የተለየ ነበር፤ ሙቀቱና እርጥበቱም ጨምሮ ነበር። ሙቀቱ የሚሠራውን ነገር በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

ትንኟ የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ወዲያው ወባ አታስተላልፍም። ጥገኛ ተህዋሱ መጀመሪያ እሷ ውስጥ ማደግ አለበት። ለአደገኛው የወባ ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ቀመር አለ፦ ከአማካይ ሙቀቱ ላይ 16 ቀንሱ፣ ከዚያ 111ን በውጤቱ አካፍሉ። የሚገኘው የቀን ቁጥር ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 28 ቀን ያህል ይወስዳል። በ22 ዲግሪ 18 ቀን ተኩል።

አየር በ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በጣና ዳርና በጎንደር መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ግድም ነው ማለት ነው። አሁን ከትንኞቹ በየቀኑ አሥር በመቶው ይሞታሉ ብለን እንነሳ። በ20 ዲግሪ ከመቶ ትንኞች ተህዋሱ እስኪያድግ በሕይወት የሚቆዩት 5 ናቸው። በ22 ዲግሪ 14። በሁለት ዲግሪ ብቻ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው!

በብርዱ የሚጠበቀው ደገኛ ሌላም ችግር አለበት። በሽታው ብዙ ጊዜ ስለማያገኘው ሰውነቱ አይለምደውም፤ ስለዚህ አንድ ሞቃት ዓመት ሲመጣ ክፉኛ ይጎዳዋል። ከ1958 በኋላ፣ በ1959፣ አገር አቀፉ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ።

ውሃውን ማን ይጠይቃል?

ኮሌጁ በኋላ የሕክምና ትምህርት ቤት ሆነ፤ በ2004 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ። የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ የሳኒታሪያኖቹም ሙያ የአካባቢና የሥራ ላይ ጤና ትምህርት ክፍል ሆኗል። ይሁን እንጂ ቡድኑ አሁንም አንድ ሰው የጎደለው ይመስለኛል፤ መሐንዲሱ።

ይህን የምለው ራሴ ምህንድስና ስለተማርኩ ነው። ግድብ ስንሠራ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝና ስንት ሄክታር እንደሚያጠጣ እናሰላለን። ቦዩ ሲያፈስ የሚፈጠረው ኩሬ ከመንደሩ በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደሚሆን ግን ስንቶቻችን እናሰላለን? በ1999 የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት፣ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ግድቡ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ረሃብም ይገድላል። ግን ሁለቱ ሒሳቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ መሠራት አለባቸው። ለጎንደር የመጠጥ ውሃና ለደምቢያ መስኖ የታሰበው የመገጭ ግድብ ውሃ የሚሄደው ወደዚያው ወደ 1953ቱ ሜዳ ነው።

ሙቀቱም እየጨመረ ነው። በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች ሞቃት ዓመት ሲመጣ ወባ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ስለዚህ አዘዞ ዛሬም ድንበር ላይ ነች።

እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ካላችሁ ይህን ሞክሩ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በሳምንት አንድ ቀን ሰፈራችሁን ዙሩ። የአገራችን ዋና የወባ ትንኝ የምትወደው ትልቁን ሐይቅ ሳይሆን ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ የታቆረ ውሃ ነው፦ የከብት ኮቴ የሠራውን ጉድጓድ፣ ለጭቃና ለሸክላ የተቆፈረውን ቦታ፣ መንገድ ሲሠራ አፈር የወጣበትን። ነጭ ጭልፋ ይዛችሁ ከዳር ቅዱና እጭ መኖሩን እዩ። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። ያገኛችሁበትን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የሚደፈነውን ድፈኑ፤ ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩ።

ለምን በየሳምንቱ? እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት ነው። አንድ ጊዜ ዞሮ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ብዙም አይጠቅምም። የቡድን ሥልጠናውም ዋናው ፈተና ይኸው ነው፤ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ዙሩን የሚቀጥል ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ደግሞ እዚያው ነዋሪዎች ናችሁ።