ጥቁሯ ጊታር

እስኪ ስለ አንዲት ጊታር ላውራችሁ። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1970 ኒውዮርክ ከነበረው ማኒስ ሱቅ ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር ገዛ። ያኔ ተራ የፋብሪካ ዕቃ ነበረች። እሱም አልሳሳላትም፤ አንገቷን ደጋግሞ ቀየረ፣ ፒክአፗን ለወጠ፣ እንጨቷን በስቶ መልሶ ደፈነ።

የድሮ ጊታር ሰብሳቢ ደግሞ እንዲህ የተነካካ ዕቃ አይወድም። «ኦሪጅናል ካልሆነች ዋጋዋ ወረደ» ነው የሚለው።

በ1973 በወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ላይ የምትሰማው እሷ ናት። ብቻዋን ግን አይደለችም፤ ድምፁን የሚያሻክረው ፈዝ ፌስ ፔዳል፣ የሚያስተጋባው ቢንሰን ኤኮሬክና ሃይዋት አምፕሊፋየር አብረዋት አሉ።

በሰኔ 2019 ጊልሞር ከ120 በላይ ጊታሮቹን በክሪስቲስ ጨረታ ሸጠ። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ፤ ያቺ የተነካካችው ብቻዋን 3,975,000 ዶላር! በወቅቱ በጨረታ ከተሸጡ ጊታሮች ሁሉ ውዷ ሆነች። ገንዘቡንም የአየር ንብረት ለውጥን በሕግ ለሚታገለው ክላየንትኧርዝ ሰጠው።

ሳይነካት ሳጥን ውስጥ ቆልፎባት ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃት ነበር? ዋጋዋን ያወጣላት ሥራዋ ነው። እናንተም ቤት አቧራ የለበሰ ጊታር ካለ፣ አውርዱትና ተጫወቱበት።