መርጡለ ማርያም ከስኳር በፊት በምን ታጣፍጥ ነበር?

ስኳር ከገበያ በጠፋ ቁጥር ስለ ምትኩ ወሬ ይነሳል። የሰሞኑ ስቴቪያ ነው። ተክሉ የፓራጓይ ነው፤ የጓራኒ ሕዝብ በቅጠሉ መጠጡን ሲያጣፍጥበት ኖሯል። ከቅጠሉ ተጣርቶ የሚወጣው ንጥረ ነገር ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል፤ ካሎሪው ከምንም አይቆጠርም። በኢትዮጵያም የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ተክሉን ሲያጠና ቆይቷል። ነገር ግን ስኳርን በተፈጥሮ ማጣፈጫ መተካት እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ አንድ ነገር ይዘነጋል። በዚህ አገር የሌላውን ቦታ የወሰደው ስኳር ራሱ ነው።

ለዚህ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ወርዶ ማየት ይበቃል። እቴጌ እሌኒ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት ዘመን በአካባቢው ገበሬ ቤት ስኳር የሚባል ነገር አልነበረም። ጣፋጭ ግን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ደጋው ላይ አደይ አበባ ይፈነዳል፣ የኑጉ ማሳ ቢጫ ይለብሳል፤ ንቡ ሲቀስም ከርሞ ኅዳር አካባቢ ማር ይቆረጣል። ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ከማሽላው መካከል ጥንቅሽ አለ። እንደ ሸንኮራ እየተላጠ የሚመጠጥ አገዳ ነው፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ዘመን ማሞገስ ግን ቀላል ስህተት ነው። ማር ከምግብነቱ በፊት ግብር ነበር። በጉንዶ እየተሰፈረ ለባለ ጉልቱ፣ ለገዢው፣ ከዚያም ለቤተ መንግሥቱ ይገባል። ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ነው፤ ገበሬው የሚጠጣው ጠላውን ነው። ሰሙም ጧፍ ሆኖ ቤተ መቅደስ ይገባል። ቀፎውን ዛፍ ላይ የሰቀለው ሰው ለራሱ የሚተርፈው ለሳል፣ ለቁስል፣ ምናልባትም ለበዓል ብርዝ የምትሆን ነበረች። ጣዕሙን እያወቀ አይጠግበውም።

ስኳር ይህንን ሰበረ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ሌላ አገር ሲፈልግ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በ1943 ዓ.ም ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ማምረት ጀመረ። ደርግ በ1967 ወረሰው። በእነዚህ ዓመታት ስኳር ከነጋዴ ሱቅ ወደ ገጠር ከተሞች የደረሰው ግን ብቻውን አይደለም፤ ከሻይ ጋር ነው። ሻይ ያለ ስኳር በኢትዮጵያ ሻይ አይባልም። ቡና ግን ይባላል! የጎጃም ገጠር ቡናውን በጨው ወይም እንዲሁ ሲጠጣ ኖሯል፤ ስኳር ቡናው ውስጥ የገባው በሻይ በኩል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የኋላው ታሪክ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 መጨረሻ 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ይመረታል ተባለ። ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆነው የጣና በለስ ፋብሪካ ዓመታት ዘገየ። ስኳር በቀበሌና በሸማቾች ማኅበር ወረፋ የሚታደል ነገር ሆኖ ቀረ፤ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ወረፋውም የለም።

ታዲያ ወደ ማር ይመለሱ? ዋጋው አይፈቅድም። ጤናም ቢሆን ብዙ አያስመካም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከሚቀነሱት ስኳሮች ውስጥ ቆጥሮታል፤ ስለዚህ የስኳር በሽተኛ «ማር የተፈጥሮ ነው» ብሎ ቢዘናጋ የሚጎዳው ራሱን ነው። ያው ድርጅት በ2023 ደግሞ ስቴቪያን ጨምሮ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን ለክብደት መቆጣጠሪያ መጠቀም አልመከረም። (ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም።) ከውጭ ተጣርቶ በሚመጣ ዱቄት ላይ መደገፍም ያንኑ የመንገድና የዶላር ጥገኝነት ስሙን ቀይሮ መግዛት ነው።

ርካሹ መንገድ እዚያው ፍንጃሉ ላይ አለ። አያቶች ቡናን ያለ ስኳር ጠጥተው ኖረዋል፤ ጨዋማውን ትቶ ባዶውን መጠጣት ደግሞ ለደም ግፊትም ይሻላል። ማሩ ግን አሁንም በኅዳር ይቆረጣል፤ ለከተማ ነጋዴ ይሸጥና በገንዘቡ ስኳር የሚገዛበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው።