ሮናልድ ሬጋን የተረከው የፓይለቶች ፊልም ምን አስቀረ?

በጃንዋሪ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ አየር ኃይል ለአዲስ ምልምሎች ከሚያሳያቸው ቪዲዮዎች መካከል ስለ ተስኪጊ አብራሪዎች የሚናገሩትን ከትምህርቱ አነሳ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ ነበር። ብዝኃነትና አካታችነትን የሚመለከቱ ፕሮግራሞች ይቁሙ የሚል ትእዛዝ ወርዷል፤ ቪዲዮዎቹም አብረው ተጠረጉ። ጩኸቱ ሲበረታ ወዲያው ተመለሱ፣ ዜናውም በዚያው ተረሳ። ብዙዎች ነገሩን እንደ አዲስ ክስተት አዩት። አዲስ አልነበረም። ሠራዊቱ ከ80 ዓመት በፊት ስለ እነዚሁ ሰዎች ራሱ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ያኔም ዋናውን ነገር ቆርጦ ነው ያወጣው።

ፊልሙ «ዊንግስ ፎር ዚስ ማን» ይባላል፣ «ክንፍ ለዚህ ሰው» እንደ ማለት ነው። በ1945 የወጣ የአሥር ደቂቃ ያህል ዘጋቢ ፊልም ነው። የሠራው የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የራሱ የፊልም ክፍል ሲሆን፣ ተራኪው ያኔ የፊልም ተዋናይና መኮንን የነበረው፣ ኋላ 40ኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬጋን ነው። በአላባማ የአየር ማረፊያው ሲሠራ፣ ወጣቶች ሲሠለጥኑ፣ ክንፍ ደረታቸው ላይ ሲደረግ፣ ከዚያም ሲዋጉ ያሳያል። በመሐል ሬጋን እዚህ ሰው በዓይኑ ቀለምና በአፍንጫው ቅርጽ አይለካም፣ የሚለካው በበረራው ነው የሚል ሐሳብ ያሰማል። ዓይን ተጠርቷል፣ አፍንጫ ተጠርቷል። ቆዳ አልተጠራም። እነዚህ ወጣቶች ለምን ለብቻቸው በተሠራ ማረፊያ እንደሚሠለጥኑ ተመልካቹ ከፊልሙ አይሰማም።

እውነቱ አጭር ነው። በ1925 የአሜሪካ ጦር ኮሌጅ ያወጣው ጥናት ጥቁሮች በአእምሮም በወኔም ለጦር አመራር እንደማይበቁ ጽፎ ነበር። ያ ወረቀት ለዓመታት እንደ ሳይንስ ሲጠቀስ ኖረ። ማረፊያው የተሠራውም የጥቁር ጋዜጦችና ማኅበራት ግፊት ስለ በረታ ነው።

ከገፉት ሰዎች አንዱን እኛ እናውቀዋለን። ጆን ሮቢንሰን የቺካጎ አብራሪ ነበር። በ1934 ወደ ተማረበት ወደ ተስኪጊ ሄዶ ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ሊያግባባ ሞክሯል። በማግስቱ ዓመት በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ኢትዮጵያ ገባ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጣሊያን አድዋን በቦምብ ስትደበድብ እዚያው ነበር። ጥቂት፣ በአብዛኛውም መሣሪያ አልባ አውሮፕላኖች የነበሩትን አየር ኃይላችንን አዘዘ። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ዜናውን እግር በእግር ይከታተሉት ነበር። ስለዚህ «ጥቁር ሰው የጦር አውሮፕላን ያበራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አላባማ ከመድረሱ በፊት በእኛ ሰማይ ላይ መልስ አግኝቷል። ሮቢንሰን በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ቆየ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በሬጋን ትረካ ውስጥ እንዲህ ላለ ሰው ቦታ የለም፤ ለምን ሊኖረው? ታሪኩ ሠራዊቱ በቸርነቱ በር ከፈተ የሚል ነው።

ሥልጠናው ራሱ ቀልድ አልነበረም፤ ፊልሙ እዚህ ላይ አይዋሽም። በ1941 ሥልጠና የጀመረው የመጀመሪያው ምድብ 13 ሰዎች ነበሩት። በማርች 1942 ክንፍ ያገኙት 5 ብቻ ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ቤንጃሚን ዴቪስ ነው፤ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ አራት ዓመት ሙሉ ጓደኞቹ ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል ሳይተነፍሱለት የተመረቀ ሰው። የመጀመሪያውን በረራ ካስተማሯቸው ዋነኛው ቻርልስ አንደርሰን ደግሞ የሚያስተምረው ስላጣ አውሮፕላን ገዝቶ በራሱ የጀመረ ነው። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ወደ 1,000 የሚጠጉ አብራሪዎች ከዚያ ወጡ።

ካሜራ የማያነሳው ግን ሌላ ነገር አለ። በነጮቹ ስኳድሮን አዲስ ፓይለት ሲመጣ ከጎኑ የሚያበር ነባር ተዋጊ ያገኛል። ጠላት ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ መታጠፍ እንዳለበት የሚነግረው ያ ሰው ነው። የተስኪጊ ልጆች ያቋቋሙት 99ኛው ስኳድሮን ይህ ዕድል አልነበረውም። መለያየት ሕግ ስለሆነ ነባር ሊሰጠው አይችልም፤ ጥቁር ነባር ተዋጊ ደግሞ ገና አልተፈጠረም። በ1943 ሰሜን አፍሪካ ሲደርሱ ከአዛዡ ከዴቪስ ጀምሮ ሁሉም ጦርነት አይተው የማያውቁ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ነጭ ኮሎኔል ወኔ ይጎድላቸዋል ብሎ ሪፖርት ጻፈባቸው። መምህር ከልክሎ ተማሪውን ደደብ ማለት ይሏል ይህ ነው። ዴቪስ ዋሽንግተን ሄዶ ተከራከረ። በጃንዋሪ 1944 በአንዚዮ ሰማይ ላይ በሁለት ቀን ከ10 በላይ የጀርመን አውሮፕላኖች ሲጥሉ ክርክሩ አበቃ።

ውሸት ከወዲያ ወገን ብቻ እንዳልመጣም ልብ በሉ። በኋላ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ጅራታቸውን ቀይ የቀቡት እነዚህ አብራሪዎች ካጀቧቸው ቦምብ ጣዮች አንድም አላስጣሉም ይላሉ። ተረቱ በጦርነቱ ዘመን በጋዜጣ የተጀመረ ነው። የአየር ኃይሉ የታሪክ ተመራማሪ መዝገቡን ሲያገላብጥ 27 ቦምብ ጣዮች በጠላት አውሮፕላን መመታታቸውን አገኘ። የሌሎቹ አጃቢ ክፍሎች አማካይ 46 ነበር። እኔ 27ቱን እመርጣለሁ፤ ሰው የሠራው ሥራ ስለሚመስል።

አሁን ወደ 1945 እንመለስ። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በኤፕሪል፣ ኢንዲያና ውስጥ በሚገኘው ፍሪማን ፊልድ የጥቁር መኮንኖች የቦምብ ጣይ ክፍል ሰፍሮ ነበር። የሠራዊቱ ደንብ የመኮንኖች ክበብ በዘር እንዳይለይ ይከለክላል። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ዘዴ አገኘ፦ አንዱ ክበብ «የአሠልጣኞች»፣ ሌላው «የሠልጣኞች» ተባለ። ነጮቹ አሠልጣኝ ሆኑ። ጥቁር መኮንን ግን ትምህርቱን ከጨረሰ ስንት ጊዜ ይሁነው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን፣ ሠልጣኝ ነው። ሬጋን በኩራት ያወሳው «ሥልጠና» የሚለው ቃል እዚህ በር መዝጊያ ሆነ።

መኮንኖቹ በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ ተከለከለው ክበብ ገቡ፤ 61 ታሰሩ። ከዚያ ደንቡን አንብቤ ተቀብያለሁ ብላችሁ ፈርሙ ተባሉ። በጦርነት ጊዜ የአለቃን ትእዛዝ አለመቀበል እስከ ሞት ሊያስቀጣ እንደሚችል እያወቁ 101ዱ አንፈርምም አሉ። አብዛኞቹ የተግሣጽ ደብዳቤ ተጽፎባቸው ተለቀቁ፤ ሦስት ለጦር ፍርድ ቤት ቀርበው አንዱ ተፈረደበት።

ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ እኩልነት እንዲሰፍን ያዘዙት በጁላይ 1948 ነው። አየር ኃይሉ የዚያን አንድ ሰው ፍርድ የሻረው፣ ለጠየቁትም የተግሣጽ ደብዳቤውን ከማኅደራቸው ያወጣው በ1995 ነበር። ብዙዎቹ ያኔ በሕይወት የሉም።