በደም ሥር ውስጥ የሚደረግ የአንጎል ሕክምና

ይህ ሕክምና የራስ ቅልን ሳይከፍቱ፣ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ካለው ደም ቅዳ ቀጭን ካቴተር አስገብቶ፣ በራጅ ምስል እየተመሩ እስከ አንጎል በማዝለቅ፣ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጡትን ደም ሥሮች ከውስጥ የመዝጋት ጥበብ ነው። ከሚታከሙት ደዌያት አንዱ አኑሪዝም የተባለው፣ የደም ቅዳው ግድግዳ በሳሳበት ስፍራ እንደ ከረጢት የሚነፋው እብጠት ነው፤ ሌላው ደግሞ ደም ቅዳና ደም መልስ በመካከላቸው ሊኖሩ የሚገባቸው እጅግ ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ በቀጥታ የሚገናኙበት ውስብስብ ነው፤ በዚህኛው የደም ቅዳው ብርቱ ግፊት በስሱ ደም መልስ ላይ ያለ ከልካይ ስለሚያርፍ፣ ከመቶ ሕሙማን ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት በየዓመቱ አንጎላቸው ውስጥ ደም ይፈሳቸዋል።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1927 ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ የአንጎልን ደም ሥሮች በራጅ የማየትን ዘዴ ባያወጡ ኖሮ፣ የዚህ ሕክምና ነገር ከሐሳብ ባላለፈ ነበር። በ1960 ሉሰንሆፕና ስፔንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የአንገትን ደም ቅዳ ገልጠው ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎችን ለደሙ ጅረት ሰጡት፤ ውስብስቡ ከጤነኛው ሥር ይልቅ ብዙ ደም ስለሚስብ፣ ጅረቱ ራሱ እንክብሎቹን ወደ ተፈለጉበት እንዲያደርስላቸው ተማምነው ነበር። ድፍረታቸው ያስደንቃል፤ አንዴ የተለቀቀውን እንክብል የሚመልስ ኃይል አልነበረምና። በሞስኮ የቡርደንኮ ተቋም ሐኪም የነበሩት ፊዮዶር ሰርቢኔንኮ ግን፣ ሕፃናት ፊኛ በክር ይዘው ሲጫወቱ ካዩ በኋላ አሰቡት እንደሚባለው፣ በካቴተር ጫፍ የሚነፋና በቦታው የሚቀር ፊኛ ሠርተው በ1974 ለዓለም አስታወቁ።

ከሁሉ የላቀው ፈጠራ ጣሊያናዊው ጉይዶ ጉግሊየልሚ በሎስ አንጀለስ ሠርተው በ1990 በሰው ላይ የሞከሩት የፕላቲነም ጥቅልል ነው። ጥቅልሉ ከማይዝግ ብረት ከተሠራ ገፊ ሽቦ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሐኪሙ በአኑሪዝሙ ውስጥ አሰፋፈሩን አይቶ ካላማረው ወደ ኋላ ስቦ ደግሞ ያሰፍረዋል፤ ካማረው ግን ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቅበትና መጋጠሚያው በደሙ ውስጥ ሟሙቶ ይለያል። በ2002 የወጣው፣ ደም በፈሰሳቸው 2143 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም ራሳቸውን መርዳት የተሳናቸው በጥቅልል ከታከሙት መካከል 23.7፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት መካከል ግን 30.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ።

ውስብስቡን ለመዝጋት ግን ጥቅልል ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ኦኒክስ የተባለው ፈሳሽ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ደም ሲነካው ይረጋል፤ በራጅ እንዲታይም የታንታለም ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ከማሟሚያው የተነሣ የሕመምተኛው ትንፋሽ ለአንድ ሁለት ቀን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ካልተነገረው ይደነግጣል። እውነተኛው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ ደም አግቢዎቹ ሥሮች ሳይዘጉ ፈሳሹ ወደ ደም መልሱ ካለፈ፣ መውጫ ያጣው ደም ውስብስቡን ያፈነዳዋል።

ደም ያልፈሰሰውን ውስብስብ መንካት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈታም። በ223 ሕሙማን ላይ የተደረገውና ውጤቱ በ2014 የታተመው ጥናት፣ መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው በልዩ ልዩ መንገድ ጣልቃ ከተገባባቸው ይልቅ በሞትና በስትሮክ ያነሰ መጎዳታቸውን ስላሳየ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ አብሮ ለሚኖር ደዌ በአማካይ የ33 ወር ክትትል እጅግ አጭር ነው የሚሉት ወገኖች ነቀፋ ከባድ ነው።